መንገድ ጠያቂና ተጠያቂ

በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ጌታ በመጨረሻው ቀን በቀኙ ላቆማቸው ሰዎች የሚቈጥርላቸው ምግባራት ስድስት መሆናቸውን፣ እነርሱም የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመን መጠየቅና የታሰረን መጐብኘት እንደ ሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ ሰው ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረ ነው። በዚህ ቍጥር ውስጥ ግን መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገድ ማሳየት የሚባል ምግባር በስሙ ተጠርቶ አይገኝም፤ ስለዚህም ከጠዋት እስከ ማታ በየታክሲው ተራና በየባቡር ጣቢያው «ይቅርታ፣ ወደ ሳሪስ የሚሄደው የትኛው ነው?» እያለ ለሚጠይቀን ሰው የምንሰጠው መልስ ከምን ወገን እንደሚቈጠር፣ ምጽዋት ይሁን ወይስ ዕዳ፣ ትሩፋት ይሁን ወይስ ግዴታ፣ ቆም ብሎ የሚመረምረው አይገኝም። ነገሩ በእርግጥ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የታረዘና የታሰረ ሰው በየቀኑ ፊት ለፊታችን አይቆምም፣ መንገድ ጠያቂ ግን ይቆማል፤ የሰውም ኅሊና ዘወትር የሚፈተነው በሚዘወተረው ነገር ነው።

በአባቶቻችን ዘመን፣ ዛሬም ቢሆን ከጥርጊያው መንገድ ራቅ ባለው ገጠር፣ መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ሰው አጥር ሥር ቆሞ የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል፣ እግሩን ያሳጥበዋል፣ ካለው ያቀምሰዋል፣ መደብ ለቆ ያስተኛዋል፤ ሲነጋም ብቻውን አይለቀውም፣ እስከ ወንዙ ማዶ ወይም እስከ መገንጠያው ድረስ ሸኝቶ፣ በበትሩ እያመለከተ፣ ዋርካውን በግራ ትቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያገኝ ቍልቍል እንዲወርድ ነግሮ ያሰናብተዋል። አብርሃምም በመምሬ ዛፍ ሥር የተቀበላቸውን ሦስቱን እንግዶች ካስተናገደ በኋላ ሊሸኛቸው አብሯቸው እንደ ሄደ በኦሪት ዘፍጥረት በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። እንግዲህ መንገድ ማሳየት በጥንቱ ሥርዓት ራሱን የቻለ ምግባር ሳይሆን የእንግዳ መቀበል የመጨረሻው ክፍል ነበረ ማለት ነው። በከተማ ግን በሩ ተዘግቷል፤ ግቢው በዘበኛ ይጠበቃል፤ የማይታወቅ ሰው አሳድሩኝ ቢል የሚደነግጥ እንጂ የሚያስገባ የለም፤ እኔም ብሆን አላስገባም። ማዕዱም፣ የእግር ውሃውም፣ መደቡም ቀርቶ ከዚያ ሁሉ ሥርዓት የተረፈው ያ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከስድስቱ ምግባራት ሦስተኛው ለከተማ ሰው የሚመጣለት በሩን እያንኳኳ ሳይሆን በታክሲ ተራ ላይ የሰፈር ስም የተጻፈበት የተጨማደደ ወረቀት ይዞ ነው ብል፣ ወንጌሉን ያጣመምሁ አይመስለኝም።

አዲስ አበባም ለባይተዋር የምትመች ከተማ አይደለችም። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሰው በመርካቶው አውቶቡስ ተራ፣ በላምበረት፣ በቃሊቲ ወይም በአየር ጤና ሲወርድ፣ ወያላዎቹ ከግራና ከቀኝ የሚጠሩትን ይሰማል እንጂ ከጩኸቱ ውስጥ የቦታውን ስም ለይቶ አያወጣም፤ «መገናኛ መገናኛ መገናኛ» የሚለው ጥሪ ትርጉም የሚሰጠው ለለመደው ጆሮ ብቻ ነው። ስሙን ለይቶ የሰማም ቢሆን ገና አልዳነም። አትክልት ተራ ብሎ የመጣ ነጋዴ፣ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት መዛወሩን የነገረው ሰው ከሌለ፣ ስሙ ወደ ቀረበት ቦታ ሄዶ ገበያውን ያጣዋል። ሪፈር ተጽፎላቸው ከሩቅ አገር የመጡ አንድ አዛውንት፣ አንበሳ ተሳፍረው ጥቁር አንበሳ እንዲወርዱ የነገራቸው ጐረምሳ የሚቀልድባቸው መስሏቸው፣ ፊታቸውን አዙረው ጥለውት ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ልጁ ግን የአውቶቡሱንና የሆስፒታሉን ስም አንድም ሳያዛባ ነበር የነገራቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ከዚያም ካዛንቺስ እየፈረሱ በአዲስ መልክ ሲሠሩ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እያልን መንገድ የምናመለክትባቸው ምልክቶች ስለ ጠፉ፣ በሰፈሩ ተወልዶ ያረጀው ሰው ራሱ ታክሲው የት እንደሚቆም ከትናንት መጪው ይጠይቅ ጀመር። የስልክ ካርታ ይረዳል ይባላል፤ ለሚያነበው ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ባይተዋሩን የሚያሳስተው ባቡሩ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ሁለት መሥመር ሲኖረው፣ አንዱ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቃሊቲ፣ ሁለተኛው ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ወደ አያት ይሄዳል፤ ሁለቱም ግን በከተማው መካከል፣ ከልደታ ጀምሮ በተግባረ እድ፣ በሜክሲኮና በለገሐር አልፈው እስከ ስታዲየም ድረስ በአንድ ሐዲድ ላይ ይመላለሳሉ። ስለዚህ በለገሐር ለቆመ ሰው በአንድ ቦታና በአንድ አቅጣጫ ሁለት ልዩ ልዩ ባቡር ተራ በተራ ይመጣለታል፤ አንደኛው ከስታዲየም በኋላ ወደ መሿለኪያ ታጥፎ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ሌላው በእስጢፋኖስ በኩል ወደ መገናኛ ይዘልቃል። የለመደው ሰው ባቡሩን ከሩቅ አይቶ ይለየዋል፤ ያልለመደው ግን በሩ የተከፈተለትን መጀመሪያ ይሳፈርና፣ መሿለኪያን ሲጠብቅ እስጢፋኖስን ያያል።

በዚሁ ጣቢያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የማዳበሪያ ከረጢት ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው የቆሙ እናት፣ አጠገባቸው ለነበረ፣ ማዳመጫ በጆሮው ለሰካ ወጣት ቍልፎቿ የደበዘዙ አንዲት ስልክ ዘረጉለት። መንገድ አልጠየቁትም፤ «እስቲ አነጋግራት ልጄ» ብቻ ነበር ያሉት። ይህ በከተማችን የታወቀ ልማድ ነው፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ለዘመዱ ይደውልና፣ ዘመዱ የሚጠራለትን የሰፈር ስም ሁሉ ሰምቶ ስለማይረዳው፣ ስልኩን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ይሰጣል፤ ስልክ ነጣቂ በበዛበት ከተማ ከወገን ጋር የሚያገናኘውን አንዱን ገመድ በባዕድ እጅ ላይ ማኖር ምን ያህል እምነት እንደሚጠይቅ ሰጪውም ተቀባዩም የሚያስቡት አይመስሉም። ወጣቱ ማዳመጫውን ነቅሎ ተቀበላቸውና «ሃሎ… አዎ፣ ለገሐር ናቸው… የት ጋ ነው የምትቀበያቸው?… ሳሪስ? በቃ አሳፍራቸዋለሁ፣ አታስቢ» እያለ ሲነጋገር፣ የአያቱ ባቡር መጥቶ በሩን ከፈተ፤ እናቲቱ ከረጢታቸውን ሊያነሡ ጐንበስ ሲሉም ባልያዘው እጁ ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ «ይኼ አይደለም እማማ፣ የእርስዎ የሚቀጥለው ነው» አላቸው። ባቡሩ ሄደ። ያ የሄደው ባቡር የወጣቱ የራሱ እንደ ነበረ ያወቅሁት፣ የቃሊቲው መጥቶ ሁላችንም ስንሳፈር፣ እናቲቱን ሕፃን ላዘለች ሴት «ሳሪስ ሲደርሱ አደራ፣ አውርጂልኝ» ብሎ አስረክቦ፣ ከረጢቱን አቀብሎ፣ እርሱ ግን ከውጭ በመቅረቱ ነው።

ሮማዊው ሊቅ ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ በአቴና በትምህርት ላይ ለነበረው ልጁ ስለ ሰው ግዴታ በጻፈለት መጽሐፍ፣ በመጀመሪያው ክፍል ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶታል። ከእርሱ በፊት የነበረውን ባለቅኔ ኤንየስን ምስክር አድርጎ፣ መንገድ ለጠፋው ሰው መንገድ ማሳየትን ከራስ መብራት የሌላውን መብራት እንደ ማብራት ይቈጥረዋል፤ ያበራው ሰው ብርሃኑ አልጐደለበትምና። ወራጅ ውሃን አለመከልከልን፣ እሳት ማስጫርን፣ ለሚያማክር ሰው ቅን ምክር መስጠትን ከዚሁ ጋር ደርቦ፣ እነዚህ ለተቀባዩ የሚጠቅሙ ሰጪውንም የማያደኸዩ ስለ ሆኑ ለማናውቀው ሰው እንኳ ልንነፍጋቸው እንደማይገባ ያስተምራል። እሳት ከጐረቤት እየተጫረ በሚመሽበት አገር ለተወለደ ሰው ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም፤ ውብም ነው። ነገር ግን ኪኬሮ የመገናኛን ሰልፍ አላየም። ከማታው 11 ሰዓት በኋላ፣ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ በማይታይበት ጊዜ፣ ከብዙ መጠበቅ በኋላ ተራው ሊደርሰው የተቃረበ ሰው ለአንድ ባይተዋር ትክክለኛውን ሰልፍ ሊያሳየው ሦስት እርምጃ ቢወጣ፣ ተመልሶ ሲመጣ ከኋላው የነበረው ሰው የሚያውቀው መስሎ ላይታየው ይችላል፤ ተራ አስከባሪውም ክርክር አይሰማም። ብርሃኑ ጐድሏል። መንገድ ማሳየት ምንም ስለማያስወጣ ይገባል ካልን፣ በሚያስወጣበት ሰዓት አይገባም ማለታችን ነው፤ ባይተዋሩ ደግሞ አብዝቶ የሚጨነቀው በዚያው ሰዓት፣ ሲመሽና ሰው ሁሉ ሲቸኩል ነው። ስለዚህ የኪኬሮ ምክንያት ለረፋድ የሚሆን ምክንያት ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ሥር ሌላ ቦታ ነው። ይህን ከተማ ማንም ከእናቱ ማኅፀን ይዞት አልወጣም፤ የሳሪስ ታክሲ ከየት እንደሚነሣ፣ «ወራጅ አለ» የሚባለው ከፌርማታው ስንት እርምጃ ቀደም ብሎ እንደ ሆነ፣ የቃሊቲው ባቡር ከአያቱ በምን እንደሚለይ የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ነግሮት ያወቀ ነው፤ የነገረውንም ሰው መልኩን እንኳ አያስታውሰውም። አበዳሪው ሊገኝ የማይችል ዕዳ ለሚቀጥለው ጠያቂ ካልሆነ ለማን ይከፈላል? ስለዚህ ያወቁትን መናገር ከምጽዋት ይልቅ ለዕዳ ይቀርባል፤ ሰልፍ አስወጣም አላስወጣም ዕዳ ዕዳ ነው፣ የሚከፍለውም ሰው ቸር ነኝ ሊል አይገባውም። ባቡሩን አሳልፎ የቀረው ወጣት ያደረገው ግን ከዚህ ያለፈ፣ ማንም ሊጠይቀው የማይችለው ነገር ነው፤ ቃሉ ዕዳ፣ መቆሙ ትሩፋት ነበረ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ አብሬ መሄድ ካልቻልሁ ብሎ ቃሉንም ይነፍጋል፤ ወይም ቃል ተናግሮ የጻድቃንን አክሊል ይጠብቃል።

በሙስሊም ወንድሞቻችን ዘንድ ይህ ነገር በስሙ ተጠርቶ ተቈጥሯል፤ በአት-ቲርሚዚ በተሰበሰበው ሐዲስ መሠረት ነቢዩ ሙሐመድ ሰደቃ የሚሆኑትን ትንንሽ ምግባራት ሲቈጥሩ፣ ለወንድም ፈገግ ማለትንና ከመንገድ ላይ እሾህና ድንጋይ ማንሣትን፣ ሰው በሚጠፋበት ምድር የጠፋውን መምራትንም አብረው ቈጥረዋል፤ በቍርኣንም በ9ኛው ምዕራፍ ዘካ ከሚገባቸው ከስምንቱ ወገኖች አንዱ መንገደኛ ነው። በመንገድ ላይ የወጣ ሰው በአገሩ ባለጸጋ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያች ሰዓት ድኻ መሆኑን ሁለቱም ሃይማኖቶች የተረዱት ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው አንድ የተከበረ የአገር ሽማግሌ በሜክሲኮ አደባባይ ቆሞ ለአንድ ሊስትሮ ልጅ ቆቡን አውልቆ ሲናገር የምናየው።

ከመንፈግ የሚብስ ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሳያውቁ ማሳየት ነው። በእኛ ሕዝብ ዘንድ ለጠየቀ ሰው «አላውቅም» ማለት የለመነውን ባዶ እጁን እንደ መመለስ ስለሚቈጠር፣ ብዙ ሰው ከማሳፍረው ይሻለኛል ብሎ እጁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘረጋል፤ «ቀጥ ብለው ይሂዱና እዚያ ይጠይቁ» ማለቱ እንኳ ይሻል ነበር፣ እርሱ ግን ቁርጥ አድርጎ የታክሲውን ስም ይናገራል። በኦሪት ዘዳግም በ27ኛው ምዕራፍ፣ ሌዋውያን በእስራኤል ሕዝብ ሁሉ ፊት እንዲያሰሙት ከታዘዘው ርግማን አንዱ ዕውርን ከመንገዱ በሚያስት ሰው ላይ የወረደ ነው። መምህራን ይህን ቃል በምሥጢር ሲያዩት ለሃይማኖት አስተማሪ ተግሣጽ ያደርጉታል፤ እኔ ግን እንዲሁ በቁሙ፣ በታክሲ ተራ ላይ ሲሠራ ይታየኛል። በስሕተት ቃል ከአየር ጤና ወደ አያት የተላከ በሽተኛ የሚያጣው የመሳፈሪያውን ብር ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ቀን የተጻፈለት ቀጠሮ ያልፈዋል፣ አስታማሚው ልጁ የት እንደሚያሳድረው ያጣል፣ ቀጥሎ የሚነግረውን እውነተኛ ሰውም አያምነውም። ይህን ሁሉ ያደረሰበት ሰው ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ደግነት የሠራ መስሎት በጥሩ ኅሊና ወደ ቤቱ ገብቷል። በጥሩ ኅሊና የሚሠራ ጥፋት ለንስሐ አይመችም፤ ሠሪው አያውቀውምና። እኔስ አላውቅም ብሎ የሚመልሰኝን ሰው፣ ፊቱን ቢያኰሳትርብኝም፣ እመርጠዋለሁ።

የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ ወንድሞቹን ፍለጋ ከኬብሮን ሸለቆ ወደ ሴኬም በሄደ ጊዜ፣ በሜዳው ላይ ሲቅበዘበዝ ያገኘው አንድ ሰው ነበረ፤ ታሪኩ በዘፍጥረት 37ኛው ምዕራፍ በጥቂት መሥመር ተጽፎ ያልፋል፣ የሰውየው ስም አይነገርም፣ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አይታይም። ይህ ሰው ልጁን ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው፤ ወንድሞቹን እንደሆነም በሰማ ጊዜ፣ ከዚያ ቦታ ተነሥተው እንደ ሄዱ፣ ወደ ዶታይን እንሂድ ሲባባሉም እንደ ሰማ ነገረው። እዚህ ላይ የሰውየው ጥንቃቄ ያስደንቀኛል፤ በዶታይን ናቸው አላለም፤ ሲሉ ሰማሁ አለ እንጂ፤ ዕውቀቱ እስከ ቆመበት ድረስ ተናግሮ እዚያው ላይ ቆመ። ዮሴፍም የተነገረውን መንገድ ይዞ ሄደ፣ ወንድሞቹን በዶታይን አገኘ፣ እነርሱም ልብሱን ገፈው በጕድጓድ ጣሉት፣ ቀጥሎም በሃያ ብር ለእስማኤላውያን ሸጡት። መንገዱ ትክክል ነበረ፤ መንገዱ ትክክል ባይሆን ኖሮ ዮሴፍ ወንድሞቹን አጥቶ በሰላም ወደ አባቱ በተመለሰ ነበር።

እንግዲህ መንገድ ያሳየ ሰው መንገዱ ለሚያደርሰው ነገር ተጠያቂ ነውን? ይህ የጥንት ጥያቄ ብቻ እንዳይመስለን። ከወሎ ወይም ከጅማ የመጣች ልጅ እግር፣ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት የሚወጣበት መሥሪያ ቤት በየት በኩል እንደ ሆነ ታክሲ ውስጥ ብትጠይቀኝ፣ ከመንገዱ ጫፍ ሪያድ ወይም ቤይሩት፣ ከዚያም ወዲያ አንድ የተዘጋ በር ሊኖር እንደሚችል እኔ ሳውቅ፣ ምን እላታለሁ? አላውቅም ልበላትን? አንዳንድ ሰው በጽድቅ ስም እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ በቤት ሠራተኛነት ቀጥራ ልታስቀራት የፈለገች አንዲት ወይዘሮም እንዲሁ ስታደርግ አይቻለሁ፤ በሁለቱ መካከል ለልጅቱ የሚታያት ልዩነት የለም፣ ሁለቱም አሳስተዋታል። የተጠየቀ ሰው መንገዱን የሸሸገው ለመልካም ነው ቢል እንኳ፣ የሠራው ሥራ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ሳይሾሙት መሾም ነው። ስጋቴን ልነግራት እችላለሁ፤ ብትሰማኝ መልካም፣ ባትሰማኝ ግን የምነግራት መንገድ ወደ ጠየቀችው ቦታ የሚያደርስ መሆን አለበት። የሴኬሙ ሰው በጕድጓዱ ላይ ፍርድ የለበትም፤ ነገር ግን ዮሴፍ ከብዙ ዓመት በኋላ ግብፅንና የገዛ ወንድሞቹን ከረሀብ በማዳኑም ላይ ድርሻ የለውም፤ ከፊተኛው ነጻ የሚያደርገው ሚዛን ከኋለኛውም ባዶ እጁን ይመልሰዋል። በ11ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር የነበረው የአይሁድ ተርጓሚ ራሺ፣ የቀደሙትን ሊቃውንት ተከትሎ፣ ይህ ሰው መልአኩ ገብርኤል ነው ይላል። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ አላፊ አግዳሚ ቃል ላይ መንጠልጠሉ ከብዷቸው ይሆናል። እኔ ግን ሰው ሆኖ ቢቀር እመርጣለሁ፤ መልአክማ ዶታይን ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ጠያቂው ማን እንደ ነበረ ነው። ዮሴፍ ቀድሞ መንገድ አልጠየቀም፤ ሲቅበዘበዝ ያየው ሰው ነው ቀድሞ የጠየቀው። በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ ሠረገላው ውስጥ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ሮጦ ደርሶ የጠየቀው ፊልጶስ ነው፤ ጃንደረባውም የሚመራው ሰው እንደሌለ ነግሮ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። የሚያውቀው ሰው ቀድሞ ሲጠይቅ፣ የማያውቀው ሰው አለማወቁን ለመናገር ከሚያሳልፈው ኀፍረት ግማሹን ያቀልለታል። የገጠር ሰው በከተማ መካከል አፍ አውጥቶ ከመጠየቅ ይልቅ ሦስት ጊዜ መሳሳትን የሚመርጠው ከኵራት የተነሣ አይደለም፤ ሲስቁበት ሰምቶ ነው።

ነገር ግን በእኛ ከተማ ቀድሞ የሚጠይቅ ሌላም ሰው አለ። በአውቶቡስ ተራ ከአገሯ ዛሬ የወረደች ልጅን ሁሉ «የት ነሽ እኅቴ? ዘመድ አለሽ?» ብሎ መጀመሪያ የሚቀበላት ደላላ ነው፤ ቃሉ ከፊልጶስ ቃል አይሻክርም፣ ከረጢቷንም ተሸክሞላት ይሄዳል። የከተማው ሰው ደግሞ በበኩሉ አፍዝ አደንግዝ ይፈራል፤ ወረቀት ዘርግቶ «ይቺን አድራሻ አንብቢልኝ» ያለውን ሰው ተከትላ ሄዳ፣ የጆሮ ወርቋን በገዛ እጇ አውጥታ ሰጠች የተባለችውን ሴት ታሪክ በየቤቱ ያልሰማ የለም፤ አስማት ይሁን ማታለል፣ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው። ስለዚህ ሁለቱም፣ የጠፋውም የሚያውቀውም፣ በጥርጣሬ ተያይተው ይተላለፋሉ። ይህንን ጥርጣሬ እንደ ልብ ድንዳኔ ቈጥረው የሚወቅሱ ሰባክያን አሉ፤ እኔ አልወቅስም። ጻድቁ ጦቢት እንኳ ልጁን ጦብያን ወደ ሜዶን አገር የሚመራለት ሰው ሲቀርብለት፣ ከየትኛው ነገድና ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አላስረከበውም፤ የጠየቀውም ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሩፋኤልን ነበረ፤ ሩፋኤልም ተጠየቅሁ ብሎ መንገዱን አልተወም፣ የቀን ደመወዙን ተስማምቶ ሄደ እንጂ። ሊረዳ የተነሣ ሰው ቢጠረጠር ቅር ሊለው የማይገባው ለዚህ ነው፤ ጥርጣሬውን የማንሣት ሥራ የባይተዋሩ ሳይሆን የእርሱ ነው።

ይህም እንዴት እንደሚነሣ ከሊቃውንት ይልቅ በየታክሲው የሚሳፈሩ እናቶች የሚያውቁት ይመስለኛል። ደላላው የሚናገረው በጆሮ ነው፣ ሰው ወደ ሌለበት ጥግም ይስባል። አንዲት የታወቀች የሰፈር እናት ግን ግራ የገባት ልጅ በር ላይ ተንጠልጥላ ብታይ፣ በሹክሹክታ አትጠይቃትም፤ ከኋላ ወንበር ሆና ታክሲው ሁሉ እስኪሰማ «የት ነው የምትወርጂው የኔ ልጅ?» ትላታለች፤ ልጅቱ ስትመልስ ወያላው ይሰማል፣ ሾፌሩም ይሰማል፣ ጋቢና የተቀመጠው ሰው «እሱማ አልፏል» ሲል ከመካከል ያለው ተማሪ «አላለፈም፣ ከድልድዩ በኋላ ነው» ብሎ ይከራከረዋል፤ በዚያ ክርክር መካከል ያላወቀው ሰው ይታረማል፣ ሊያታልል የነበረም ቢኖር ምስክር ይበዛበታል፣ ልጅቱም አንድ የማታውቀውን ሰው ማመን ሳያስፈልጋት አሥራ ሁለቱ ሲስማሙ ሰምታ ትወርዳለች። እኔ ሽማግሌ ወንድ ስለ ሆንሁ፣ አንዲት ልጅ እግር ብቻዋን ግራ ስትጋባ ባይ ቀርቤ አላነጋግራትም፤ አጠገቧ ላለችው ሴት ድምፄን ከፍ አድርጌ «እስቲ እቺን ልጅ የት እንደምትሄድ ጠይቂልኝ» እላለሁ። አንዳንዴ ሴትዮዋ ራሷ ባይተዋር ሆና ትገኛለች፤ ያን ጊዜ የሁለቱንም መንገድ ከወያላው እንጠይቃለን።